ፒካፕ ላይ ማርሚታና የአየር መስመር ሲቀየር ከየት ይጀመራል?

ሃይሉክስ ወይም ዲ-ማክስ ይዞ "ጉልበት ጨምሩልኝ" የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ነው፤ ድምፁ ስለሚሰማ። ተርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተር የሚያጭቅ መሣሪያ) ባለው የናፍጣ ሞተር ግን ገንዘቡ የሚገባበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ ከፊልትሮ እስከ ተርቦ ያለው መስመር፣ ቀጥሎ ከተርቦ በኢንተርኩለር (የታጨቀውን አየር በሚያቀዘቅዘው) አድርጎ ሞተር የሚገባው ቧንቧ፣ ማርሚታ ሦስተኛ።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ የድሮው ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ገደማ ይወርዳል፤ የትኛውም ማርሚታ አይመልሰውም። ተርቦ ያለው ግን በፍጥነት እየዞረ ያካክሳል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያለች ትንሽ ማነቆ እዚህ አገር ከቆላው ይልቅ ደጋው ላይ ትከብዳለች።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። 5 ሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይበቃል። በፊልትሮውና በተርቦው መካከል ያለውን ቧንቧ ነቅላችሁ አውጡና ትንሽ ቀዳዳ ብሱ (መኪናው ላይ እንዳለ ከተበሳ ብናኙ ተርቦ ውስጥ ይገባል)። ቧንቧውን መልሳችሁ ግጠሙና አንዱን የቱቦ ጫፍ ቀዳዳው ላይ አያይዙ። ሌላውን ጫፍ በመስኮት ጋቢና አስገብታችሁ ጣውላ ላይ እንደ ፈረስ ጫማ አጥፋችሁ እሰሩት፤ ሁለቱ ክንዶች 1 ሜትር፣ 1 ሜትር ይሁኑ። እስከ 40 ሳ.ሜ. ድረስ ቀለም ያለው ውሃ ሙሉት። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ያንብብ። ዳገት ላይ በ3ኛ ማርሽ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ከ3,000 ዙር ሲያልፍ በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለውን የውሃ ልዩነት መዝግቡ። ወደ 60 ሳ.ሜ. ከቀረበ ፊልትሮው ታፍኗል። አዲስ የፋብሪካ ፊልትሮ ገብቶ 30 ሳ.ሜ. ወይም ከዚያ በታች ካሳየ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ክፍት (ሳጥን የሌለው) ፊልትሮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ስትጨርሱ ቀዳዳውን በቡሎንና በጎማ ድፈኑት።

በዚያው አጋጣሚ ነጭ ጨርቅ ወደ ቧንቧው አስገብታችሁ ጥረጉ። የሞተሩ ትንፋሽ (ከውስጡ የሚወጣው የዘይት ጭጋግ) በሚገባበት አካባቢ ቀጭን ዘይት ቢገኝ የተለመደ ነው። ቡናማ ዱቄት ከወጣ ግን አቧራ ፊልትሮውን አልፎ እየገባ ነው፤ የተርቦውን ምላጭ ይበላል፣ ከዚያ ፋሻና ሲሊንደር ይፍቃል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከፊልትሮው ጠርዝ ወይም ካልጠበቀ የሳጥን ክዳን ነው። ጠርዙ ላይ ስስ ግራሶ ቀቡ፤ አቧራ የሚያልፍበት ቦታ በሚቀጥለው ስትከፍቱት ተስሎ ይታያል። በኮምፕረሰር የሚነፋ የወረቀት ፊልትሮ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከ2 ባር ባልበለጠ ግፊት ይነፋ፤ ከዚያ ውስጡ ባትሪ አብርታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ።

ኮፈን ሥር የሚሰቀለው ክፍት ፊልትሮ ያምራል፣ ያፏጫል፣ የሞተር ትኩስ አየር ይስባል። የአየሩ ሙቀት በ3 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የአየሩ እፍጋት 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። በዘይት የሚነከረው የጥጥ ፊልትሮ ደግሞ ዘይቱ ከበዛ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ይቀባዋል፣ ንባቡም ይዛባል። ኮረኮንች ለሚበዛበት ሥራ የፋብሪካው ወረቀት ይሻላል። ስኖርክል (እስከ ጣሪያ የሚወጣ የአየር መሳቢያ ቧንቧ) ከአቧራው ከፍ ብሎ ቀዝቃዛ አየር ስለሚስብ ይጠቅማል። ጎርፍ ለመሻገር ግን መገጣጠሚያው ሁሉ፣ በሳጥኑ ሥር ያለው የውሃ ማውጫ ጭምር፣ ካልተዘጋ ጌጥ ነው።

ቀጥሎ የኢንተርኩለር ጎማዎች። ዘይት ያረጠበው መገጣጠሚያ ካያችሁ ግፊት እያመለጠ ነው፤ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የ1ኬዲ (የሃይሉክስ ባለ 3.0 ሊትር ተርቦ ናፍጣ ሞተር) ባለቤቶች መግቢያ ማኒፎልዱንም (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) ያስከፍቱ፤ በኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተር በሚመልሰው መስመር) የሚመለሰው ጥላሸት ከዘይት ጋር ተጋግሮ መተላለፊያውን ያጠበዋል። እሱን ማጽዳት ከብዙ ውድ ማርሚታ ይበልጣል።

አሁን ጭስ ማውጫ። "ትንሽ መታፈን ለጉልበት ጥሩ ነው" የሚባለው ለተርቦ ናፍጣ አይሠራም፤ ከተርቦው በኋላ መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ተርቦው ቶሎ ይነሳል። ለ2.4 እና 2.5 ሊትር ሞተር 2.5 ኢንች (63 ሚ.ሜ.) ቧንቧ ይበቃል። 2.8 ወይም 3.0 ሊትር ሆኖ ጭነት ለሚጎትት ወይም የሞተሩ ኮምፒዩተር ለሚስተካከልለት 3 ኢንች (76 ሚ.ሜ.) ይሁን፤ መተላለፊያው 44 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ኮምፒዩተሩ ካልተነካ ግን ብዙ አትጠብቁ፦ የተርቦውን ግፊት የሚወስነው እሱ ስለሆነ የምታገኙት ፈጣን ምላሽና ዝቅ ያለ የጭስ ሙቀት ነው። ከለውጡ በኋላ ቼክ ኢንጅን በርቶ ኮዱ ፒ0234 ከሆነ ግፊቱ ከወሰን በላይ እያለፈ ነው፤ አስተካክሉት እንጂ ኮዱን እያጠፋችሁ አትንዱ። ዲፒኤፍ (የናፍጣ ጥላሸት ማጥመጃ) ያለው መኪና ላይ ከዲፒኤፉ በኋላ ያለውን ብቻ ቀይሩ። የቤንዚን ሞተር ከሆነ የኦክስጅን ሴንሰሩ ከቦታው አይነቀል።

ማርሚታው ውስጡ ቀጥ ያለና ቀዳዳ ያለው ዓይነት ይሁን፤ አጭር ከሆነ ግን በረጅም መንገድ ጋቢናው ውስጥ የሚያስጨንቅ ጉምጉምታ ይፈጥራል። ኩርባው ሲታጠፍ ያልተጨፈለቀ መሆኑን እዩ፤ የተጨፈለቀ 3 ኢንች 2.5 ኢንች ማለት ነው።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ አስፈቱ፣ የብየዳውን ማሳ (የኔጋቲቭ ገመድ) እዚያው ቧንቧው ላይ አስይዙ። ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ ታንከር ክፍተት ይኑር፤ መኪናው ሲጫን አክስሉ ወደ ላይ እንደሚመጣ አትርሱ። ሞተሩን አስነስታችሁ ሳይሞቅ ጅራቱን (የጭስ ማውጫውን ጫፍ) በጨርቅ ለአፍታ ዘግታችሁ መገጣጠሚያው ላይ ሳሙና ውሃ ርጩ፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ያፈሳል። ጭሱ ከኋላ መከላከያ አልፎ ይውጣ፣ አለበለዚያ ወደ ጋቢና ይመለሳል። 500 ኪ.ሜ. ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹ በቀዝቃዛው ይጥበቁ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) ሲሞቅ ይቀመጣልና።