«ሲስተምዎ ጊዜው አልፎበታል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ

ማስጠንቀቂያው ከየት እንደመጣ ሳያረጋግጡ ምንም ነገር አይጫኑ። ድረ ገጽ እያዩ ብቅ ብሎ ስልክ ቁጥር የሚሰጥ ወይም ድምፅ እያሰማ «አሁኑኑ ያውርዱ» የሚል ከሆነ ማጭበርበሪያ ነው፤ የማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር አይኖረውም። ገጹ ስክሪኑን ሞልቶ አልዘጋ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ብራውዘሩን መርጠው «ኤንድ ታስክ» ይበሉት። እንደገና ሲከፍቱት የቀድሞ ገጾችን ልመልስ ካለ እሺ አይበሉ፤ ያው ገጽ ተመልሶ ይመጣል።

እውነተኛውን ለማየት የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«አይ» ፊደል ጋር ተጭነው ሴቲንግስን ይክፈቱ። የዊንዶውስዎ ዓይነትና ቨርዥን «ሲስተም» ውስጥ «አባውት» ላይ ተጽፏል።

ዊንዶውስ 11 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው አፕዴት ማድረግ ብቻ ነው። አፕዴቱ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሲ ድራይቭን ባዶ ቦታ ይዩ። ከሞላ «ስቶሬጅ» ውስጥ ጊዜያዊ ፋይሎችን ያጥፉ፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ «ዳውንሎድስ» ምልክት ተደርጎበት እንዳይሆን አጥብቀው ይመልከቱ፤ ያወረዷቸው ፋይሎች አብረው ይጠፋሉ። ኢንተርኔቱ ሴቲንግስ ውስጥ «ሚተርድ» (ዳታው የተገደበ) ተብሎ ከተመረጠም አብዛኛው አፕዴት ሳይወርድ ይቆማል። አሮጌ ዴስክቶፕ ሲበራ ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ካስቸገረ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው፤ በብዛት ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው። ቀኑ ሲሳሳት የደህንነት ሰርተፍኬቶች ስለማይሠሩ አፕዴቱም ይከሽፋል።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ በማይክሮሶፍት የተራዘመ የደህንነት አፕዴት ፕሮግራም (ኢኤስዩ) ካልተመዘገበ ግን አዲስ የሚገኙ የደህንነት ቀዳዳዎች አይደፈኑለትም። ወደ 11 ለማሳደግ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት ስቶሬጅ፣ ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራምን የሚያግደውን) የሚደግፍ ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርድ ሶፍትዌር)፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎችን የሚይዝ ክፍል) እና ማይክሮሶፍት የተቀበለው ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛው ትውልድና ከዚያ በላይ ያለው ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው «ቲፒኤም የለም» ሲባል ነው። ብዙ ጊዜ ግን አለ፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ነው። ኢንቴል ላይ «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤፍቲፒኤም» በሚል ስም ይፈልጉት። ባዮስን ከመንካትዎ በፊት ዲስኩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) መቆለፍ አለመቆለፉን ይመልከቱ፤ ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉ። ያለ እሱ ፋይሎችዎን መልሰው ላያገኙ ይችላሉ።

ፕሮሰሰሩ ካልተፈቀደ፣ መስፈርቱን በጓሮ በር ማለፍን አንመክርም፤ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር አፕዴት የማግኘት ዋስትና የለውም። ፋይሎችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጠው በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ አስነስተው ሳይጭኑ ይሞክሩት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ ከሠሩ ይጫኑት።