ስምንት ኩባያ ሽንኩርት ስንት ኪሎ ነው? የአትክልት ስፍርን ወደ ግራም የመቀየሪያ ዘዴ

የዶሮ ወጥ አሠራር ከአክስቴ የተቀበልኩት በስልክ ነው። "ስምንት ኩባያ የደቀቀ ሽንኩርት" አለችኝ። ደሴ ሰኞ ገበያ ደግሞ ሽንኩርት የሚሸጠው በኪሎ ነው። በዓይኔ ገምቼ አንድ ኪሎ ገዛሁ። ልጬ፣ ከትፌ፣ እያለቀስኩ ስሰፍረው አራት ተኩል ኩባያ ሆኖ ቁጭ! ደውዬ ስነግራት "ዶሮን የሚያወፍረው ሽንኩርት አይደል እንዴ ልጄ? ተመለሽ ገበያ" አለችኝ።

ኩባያ የሚለካው ቦታ ነው፤ ሚዛን ደግሞ ክብደት። በተከተፈ አትክልት መሃል አየር አለ። በደቀቀ ቁጥር ክፍተቱ ስለሚጠብ ያው ኩባያ ብዙ ይይዛል።

በቅድሚያ ኩባያዎን ይወቁ። ባዶውን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ፤ ከዚያ እስከ አፉ ውሃ ይሙሉበት። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን የሚያነቡት ቁጥር የኩባያው ይዘት ነው። የኔ 300 ሆነ። የውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት "ካፕ" የሚሉት ግን 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው።

ለ240 ሚሊ ሊትሩ ኩባያ እነዚህን በግርድፉ ይያዙ፦ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት 160 ግራም፣ ቲማቲም 180፣ ድንች 150፣ የተፈቀፈቀ ካሮት 110፣ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን 70። ወደ ራስዎ ኩባያ ለመቀየር ቁጥሩን በኩባያዎ ይዘት አባዝተው ለ240 ያካፍሉ። የኔ ሽንኩርት 160 × 300 ÷ 240 = 200 ግራም ይመጣል። ስለዚህ የአክስቴ ስምንት ኩባያ 1,600 ግራም ነው።

ይሄ ግን የተላጠው ነው። ልጣጩና ጫፉ ሲወጣ ከሽንኩርት አንድ አሥረኛው ያህል ስለሚቀንስ ከገበያ 1,800 ግራም ገደማ መግዛት ነበረብኝ። ሁለት ኪሎ ቢሉ አይቆጭዎትም።

ከቻሉ በኔ ቁጥር አይመኑ፤ የእጅዎ አከታተፍ ከኔ ይለያል። እንደ ልማድዎ ከትፈው ሳይጠቀጥቁ ኩባያውን ይሙሉ፣ አፉን በቢላ ጀርባ ያስተካክሉ፣ ይመዝኑ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ። ጥቅል ጎመንን በመዳፍዎ ከጫኑት ግን ልፋትዎ ከንቱ ነው።

ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለ ባለሱቁ ይመዝንልዎታል። አንድ ኪሎ ሽንኩርት አስመዝነው ይግዙ፣ ቤት ገብተው ይከትፉና ስንት ኩባያ እንደወጣው ይቁጠሩ። ከነልጣጩ የተመዘነ ስለሆነ ለገበያ የሚጠቅመው እንዲያውም ይሄ ነው። ቲማቲም በመደብ ከገዙም ሳይከትፉ በፊት አንዴ ያስመዝኑት።

ቅጠል ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። አንድ ካፕ የተከተፈ ጥሬ ቆስጣ 36 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ተቀቅሎ ውሃው ሲጠነፈፍ ግን ያው ካፕ 175 ግራም ገደማ ይይዛል። አምስት እጥፍ ማለት ይቻላል! አሠራር የነገረዎት ሰው "አንድ ኩባያ ቆስጣ" ካለ ስልኩን ሳይዘጉ "ጥሬውን ነው የተቀቀለውን?" ብለው ይጠይቁ። አክስቴ የተቀቀለውን ነበር የምትለው።