የሞዴል ታንክ ጥቃቅን ክፍሎችን እንዴት መገጣጠም ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ የፕላስቲክ ሞዴል ታንክ የሚሠራ ሰው ዕቃውን ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ስለሆነ፣ አንዲት ክፍል ብትጠፋበት ምትክ ለማግኘት ይቸገራል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ለወረራ ይዞት የመጣው ኤል 3 የተባለው ትንሽ ታንክ ርዝመቱ 3.2 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በተለመደው የ1፡35 መጠን ሲሠራ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል፤ በእውነተኛው ታንክ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ እጀታም ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ክፍል በአብዛኛው የሚጠፋው ወይም የሚሰበረው ሲለጠፍ ሳይሆን ከፍሬሙ፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ፣ ሲቆረጥ ነውና ጥንቃቄው ከዚያ ይጀምራል።

በመጀመሪያ የቀን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ ነጭ ነጠላ ጭንዎ ላይ ዘርግተው ጫፉን ከጠረጴዛው ጋር ቢያያይዙት የሚወድቀውን ሁሉ ይይዛል። ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ክፍል ግን ይህን ሥራ ባይጀምሩ ይሻላል።

ከመቁረጥዎ በፊት በክፍሏ ጎን ላይ ያለውን የቅርጽ ማውጫ መስመር (የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች ሲገጥሙ የሚተርፈውን ቀጭን ጠርዝ)፣ ገና ከፍሬሙ ጋር ተያይዛ ሳለች፣ በምላጭ ጀርባ በቀስታ ይፋቁት፤ ፍሬሙ መያዣ ሆኖ ያገለግላልና። ቀጥሎ ክፍሏ ላይ ወረቀት ፕላስተር ይለጥፉና ፍሬሙን ከክፍሏ ራቅ አድርገው ይቁረጡት። በሁለተኛው ቁርጥ ወደ ክፍሏ ይቅረቡ፤ ነገር ግን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ይተዉና እሱን በጥፍር ሞረድ ያስተካክሉት። በአንድ ጊዜ አስጠግቶ መቁረጥ ቀጭን ፕላስቲክን ያጎብጣል፣ ይሰነጥቃል ወይም ያስፈነጥራል። ጥርስ ያለው ወረንጦም ክፍሏን ስለሚያስፈነጥር፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነውን ይምረጡ፤ ከሌለዎት ስቴኪኒ ጫፍ ላይ ጥቂት ሰም ቢያደርጉ ክፍሏን ያነሣልዎታል።

ሲለጥፉ መስኮቱን ይክፈቱ። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ሁለቱን ገጾች አሟሙቶ የሚያዋህድ በመሆኑ ሲበዛ የክፍሏን ቅርጽ ያበላሻል። ስለዚህ ማጣበቂያውን ክፍሏ ላይ ሳይሆን ታንኩ ላይ፣ ክፍሏ በምትቀመጥበት ነጥብ፣ በጥቂቱ ይቀቡ፤ ክፍሏን አስቀምጠው ሳይደርቅ ያቃኗትና ከዚያ በኋላ አይንኳት። ከናስ የተሠሩ ስስ ክፍሎች በዚህ ስለማይያዙ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋቸዋል። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ስለሆነ በጎንደር በጋ ሊዘገይ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ጠብታ ከመጨመር ይልቅ ይዞ መቆየት ይሻላል።

እጀታ ከጠፋ በኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዱን አጥፈው ይተኩት፤ እንዲያውም ከፕላስቲኩ ይልቅ ቀጥኖ እውነተኛውን ይመስላል ብዬ አምናለሁ። ለአንቴና ደግሞ የተረፈውን ፍሬም ከጧፍ ነበልባል ከፍ አድርገው ካለሰለሱት በኋላ ከእሳቱ አርቀው ይሳቡት። ጧፉ ሲበራ ማጣበቂያው ተከድኖ ከአጠገብ መራቅ አለበት፤ በቀላሉ በእሳት ይያያዛልና።

ብርሃን አስተላላፊ የሆነውን የፋኖስ መስታወት ታንኩ ቀለም ከተቀባ በኋላ በነጭ የእንጨት ኮላ ይለጥፉት፤ የሱፐር ግሉ ተን መስታወቱን ያደበዝዘዋል።