የጎን ርግጫዬ ከወገብ በላይ አልወጣ ሲል ያደረግሁት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ቴኳንዶ ስሠለጥን የጭኔ የኋላና የውስጥ ጡንቻዎች ግትር ስለነበሩ የጎን ርግጫዬ ከወገብ በላይ አይወጣም ነበር። ስህተቴ የከተማው ሙቀት ለማሟሟቂያ ይበቃል ብዬ፣ ሰውነቴን ሳላፍታታ ጡንቻዬን በኃይል መሳቤ ነበር። አሁን ከሥልጠና በፊት 10 ደቂቃ ሶምሶማ ሮጬ እግሬን ወደ ፊትና ወደ ጎን አወዛውዛለሁ፤ ጡንቻን ስቦ የማቆየቱን እንቅስቃሴ ግን ከሥልጠና በኋላ፣ እያንዳንዱን 30 ሰከንድ ያህል በመያዝ እሠራለሁ። ከሁሉ በላይ የረዳኝ ተረከዜን አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፌ ለ6 ሰከንድ ወደ ታች መጫን፣ ከዚያም ጡንቻውን አላልቼ ጥቂት ወደ ፊት መጎንበስ ነው። በተጨማሪም የቆምኩበት እግር ተረከዝ ወደ ዒላማው ካልዞረ ዳሌዬ እንደማይከፈት የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጥፋቱን ሁሉ በጡንቻዬ ላይ እጭን ነበር። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ርግጫዬ ያለ ሕመም ደረት ደርሷል።