ዌብ ዴቨሎፐር በየዕለት ሥራው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዌብሳይት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ከአምስት ልጆች ጋር እሠራለሁ። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ኮድ መጻፍ ይመስላቸዋል። እኔ ስምንት ሰዓት ቢሮ ብውል ኮድ የምጽፈው ቢበዛ ሦስቱን ሰዓት ነው። የቀረው ሌላ ሰው የጻፈውን ማንበብ፣ ደንበኛ ማነጋገር፣ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ለምን እምቢ እንዳለ መፈለግ ነው። ዋጋ ያስከፈሉኝ ስህተቶችም የተፈጠሩት እዚያ ነው፤ መጠየቅ ሲገባኝ ሳልጠይቅ፣ ማየት ሲገባኝ ሳላይ ያለፍኩት ነገር ላይ። እናንተ እንዳትደግሙት አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ሲያቅት ዝም ማለት

የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አንድ የመግቢያ ገጽ ሦስት ቀን ሙሉ ፈተነኝ። ተጠቃሚው ፓስወርዱን በትክክል ያስገባል፣ ይገባል፣ ወዲያው ደግሞ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ይወጣል። ኮዱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ጠዋት ጠዋት በምናደርጋት አጭር ስብሰባ ላይ «እንዴት እየሄደ ነው?» ስባል «እየሠራሁበት ነው» እላለሁ። በአራተኛው ቀን አንዲት ከእኔ በፊት የተቀጠረች ባልደረባዬ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «የሰርቨሮቹን ሰዓት አይተኸዋል?» አለችኝ። አላየሁትም። ቶከን (ተጠቃሚው መግባቱን ለተወሰነ ጊዜ የሚመሰክር ዲጂታል ምልክት) የሚሰጠው ሰርቨርና ቶከኑን የሚያረጋግጠው ሰርቨር ሰዓታቸው በሰባት ደቂቃ ይለያያል። አምስት ደቂቃ እንዲቆይ የተሰጠው ቶከን እዚያኛው ጋ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል። ማስተካከሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ ልጅ «አልገባውም» ሲባል እያየን ነው ያደግነው፤ ያ ፍርሃት ቢሮ ድረስ ተከትሎን ይመጣል። አንድ ሰዓት ሙሉ ታግላችሁ ፈቅ ካላለ ጠይቁ። አጠያየቁም ወግ አለው። ምን ልትሠሩ እንደነበር፣ ምን ምን እንደሞከራችሁ፣ የወጣው የስህተት መልእክት ቃል በቃል ምን እንደሚል ጻፉ። የስክሪኑን ፎቶ ብቻ በቴሌግራም ልኮ «አልሠራ አለኝ» ማለት ለሚረዳችሁ ሰው ሌላ ሥራ መስጠት ነው። እኔ ጥያቄዬን በወጉ እየጻፍኩ ሳለሁ መልሱ የመጣልኝ ጊዜ ብዙ ነው።

«ትንሽ ነገር ናት» ሲባል እሺ ማለት

መርካቶ ውስጥ ጨርቅ የሚያከፋፍሉ አንድ ትልቅ ሰው ዌብሳይታቸው ሊያልቅ ሲል ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይቺን ብቻ ጨምርልኝ። በጅምላ ለሚወስድ ዋጋው ይቀንስለት።» እሺ አልኳቸው። ያቺ «ብቻ» ሁለት ሳምንት በላች፤ ምክንያቱም ቅናሹ እንደ ጨርቁ ዓይነትም፣ እንደ ሜትሩም፣ እንደ ደንበኝነቱ ዕድሜም ይለያያል፤ ለአሥር ዓመት ደንበኛ የሚደረገው ለአዲሱ አይደረግም። እሳቸው ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ስለኖሩ ለእሳቸው በእርግጥም ትንሽ ነገር ነው። የዋሹኝ ነገር የለም፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ይቻላል። ስንት ቀን እንደሚወስድና ስንት እንደሚጨምር ነገ ጠዋት ልንገርዎት።» ማንም አልተቀየመኝም። ሥራው ሲጀመርም ምን እንደሚካተት፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግ፣ ቀብዱ ስንት እንደሆነና ቀሪው መቼ እንደሚከፈል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

እዚሁ ላይ፣ በብር ተዋውላችሁ የሰርቨሩን ኪራይ በዶላር የምትከፍሉ ከሆነ ኪራዩን ከሥራ ዋጋችሁ ለይታችሁ ጻፉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የዓመት ኪራይ በቁርጥ ብር የተዋዋልን ሰዎች ልዩነቱን ከኪሳችን ነው የሸፈንነው።

ሰው እየተጠቀመበት ያለው ዳታቤዝ ላይ መሞከር

ትእዛዝ የሚጻፍባቸው ሁለት ጥቁር መስኮቶች ስክሪኔ ላይ ተከፍተዋል። አንዱ የመለማመጃው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ነው፣ አንዱ እውነተኛው። የአንዲት ዕቃ ዋጋ ወደ 850 ብር ልቀይር ትእዛዙን ጻፍኩ፤ የትኛዋ ዕቃ እንደሆነች የሚናገረውን መጨረሻውን ግን ሳልጽፍ ኢንተር መታሁ። በእውነተኛው መስኮት። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ከመርፌ እስከ ልብስ ስፌት ማሽን፣ 850 ብር ሆነ። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ፈለግሁ፤ የመጨረሻው የ11 ቀን ዕድሜ አለው። የዚያን ሌሊት ከባለ ሱቁ ልጅ ጋር ወለል ላይ ተቀምጠን ደረሰኝ እያገላበጥን ዋጋ በእጅ ስናስገባ ነጋ።

ከዚያ ወዲህ የእውነተኛው ሰርቨር መስኮት ቀይ ነው፤ ቀለሙን ራሴ ቀየርኩት። ማንኛውንም ለውጥ መጀመሪያ በፍለጋ ትእዛዝ እሞክረዋለሁ፤ «ስንት መስመር ይነካል?» ብዬ ቁጥሩን ካየሁ በኋላ ነው የምቀይረው። ለውጡንም ትራንዛክሽን (እስኪጸድቅ ድረስ ሊሻር የሚችል የለውጥ ጥቅል) ውስጥ አደርገዋለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ መስመር ከነካ ወደነበረበት እመልሰዋለሁ። ባክአፕ በየሌሊቱ በራሱ ይወሰዳል፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ባክአፑን ሌላ ቦታ ከፍቼ እንደሚሠራ አያለሁ። ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አትቁጠሩት።

አርብ ከሰዓት በኋላና የበዓል ዋዜማ ላይ አዲስ ነገር አትልቀቁ። ለገና ዋዜማ የለቀቅሁትን ያስተካከልኩት እናቴ ቤት፣ ዶሮው እየቀዘቀዘ፣ በስልክ ዳታ ነው።

የኢትዮጵያን ሰዓትና ቀን እንደ ጌጥ ማየት

ይህን ከሁሉም በላይ አስረዝማለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ላይ ጉዳት ያደረስኩበት ነው።

ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሥርዓት ሠራን። ሥርዓቱ ለታካሚው በአጭር መልእክት «ቀጠሮዎ ጥቅምት 12 ቀን 3:00 ነው» ብሎ ይልካል። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ ቀይሬዋለሁ፤ ሰዓቱን ግን ረሳሁት። ኮምፒውተሩ 3:00 ያለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። አንዲት እናት ከደብረ ብርሃን ሌሊት ተነስተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ደረሱ። ሐኪሙ የለም። ነጠላቸውን ተከናንበው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ፤ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ነው ብለው ቁርስ እንኳ አልበሉም ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስህተቷ የእኔ ነች፤ አንዲት የስድስት ሰዓት ልዩነት።

እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል። ዳታቤዝ ውስጥ ጊዜውን በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ አስቀምጡ። ኢትዮጵያ ከዚያ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ በጋና ክረምት ሰዓት የመቀያየር ነገርም ስለሌለን ሒሳቡ ቀላል ነው። ለሰው ስታሳዩ ግን ቁጥር ብቻውን አትላኩ፤ «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ። ጠዋት፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ የሚለው ቃል ከቁጥሩ በላይ ይሠራል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላሉ ደንበኞች የምትሠሩ ከሆነ የማን ሰዓት እንደሆነም ጨምሩ።

ካላንደሩም እንደዚሁ ነው። ወር መምረጫ ላይ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ደርድሮ ጳጉሜንን የረሳ ዌብሳይት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ በ2019ም ትሆናለች። ቻትጂፒቲን ቀን የሚቀይር ኮድ ብትጠይቁት ደህና የሚመስል ይሰጣችኋል፤ ጳጉሜን 6ን አስገብታችሁ ሳትሞክሩት ግን አትመኑት። ቀኑን ለማሳየት ብቻ ከሆነ ጃቫስክሪፕት (ዌብሳይት የሚሠራበት የኮድ ቋንቋ) ውስጥ ያለው ኢንትል (Intl) የሚባል መሣሪያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል፤ የራሳችሁን ሒሳብ መጻፍ አያስፈልጋችሁም። ያው ጃቫስክሪፕት የፈረንጁን ወር ከዜሮ እንደሚቆጥር፣ ጃንዋሪ ለእሱ 0 እንደሆነ አትርሱ።

መልእክት ካነሳን አይቀር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ፊደል የሚይዘው አጭር መልእክት አንዲት የግዕዝ ፊደል ስትገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ከበለጠ በየ67ቱ ፊደል ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይታሰባል። ደንበኛው «የመልእክት ሒሳቡ ለምን እጥፍ ሆነ?» ከማለቱ በፊት ጽሑፉን አሳጥሩት።

ደንበኛው የላከውን አማርኛ እንዳለ መለጠፍ

ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዩኒኮድን ባልተከተሉ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶች ግን ዛሬም በየቢሮው አሉ። ወርድ ላይ ጥሩ አማርኛ ሆነው ይታያሉ፤ ገጹ ላይ ስትለጥፏቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ይሆናሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ አንቀጽ ተቀብላችሁ ስልካችሁ ላይ ለጥፋችሁ እዩት። የመቶ ገጽ ጽሑፍ እንደገና መተየብ እንዳለበት መጨረሻ ላይ ማወቅ ያማል።

የፍለጋ ሳጥንም አለ። «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ሰው «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን፣ «ሰ»ን እና «ሠ»ን፣ «አ»ን እና «ዐ»ን፣ «ጸ»ን እና «ፀ»ን ወደ አንድ ፊደል የሚያመጣ ሁለተኛ ዓምድ ለፍለጋ ብቻ አዘጋጁ፤ ሰውየው ስሙን የጻፈበትን ፊደል ግን እንዳለ አስቀምጡለት። ስሙ የራሱ ነው።

ስም ካልን ደግሞ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን እዚህ አገር ትርጉም የለውም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሉ። ስልክ ላይ በ09 የሚጀምረውን ብቻ የሚቀበል ፎርምም አሁንም አለ፤ ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 በ07 መጥቷል።

ክፍያን በደንበኛው ስልክ ማመን

ሰው በቴሌብር ወይም በቻፓ ከፍሎ ሲጨርስ «እናመሰግናለን» ወደሚለው ገጻችሁ ይመለሳል። አዲስ ልጆች ያ ገጽ ሲከፈት ትእዛዙን «ተከፍሏል» ያደርጉታል። ሁለት ነገር ይበላሻል። ከፍሎ ኔትወርክ የጠፋበት ሰው ገጹ ጋ ስለማይመለስ ገንዘቡ ሄዶ ዕቃው ይቀርበታል። ሳይከፍል የገጹን አድራሻ በእጁ የጻፈ ሰው ደግሞ ዕቃ ይወስዳል።

ትክክለኛው መንገድ ሰርቨራችሁ ራሱ የክፍያ ድርጅቱን ሰርቨር መጠየቁ ነው፤ ይህ ክፍያ ተፈጽሟል ወይ፣ ስንት ብር፣ ለየትኛው ትእዛዝ? መጠኑን ከትእዛዙ ዋጋ ጋር አመሳክሩ። የክፍያ ድርጅቱ የሚልከው ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል በሁለተኛው ጊዜ ዕቃ ደግሞ እንዳይላክ አድርጉ። ድርጅቱ የሰጣችሁን የምስጢር ቁልፍ ደግሞ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚያስቀምጠው መሣሪያ) ውስጥ አታስገቡ። ነገ ብታጠፉት እንኳ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፤ አንዴ ከገባ መፍትሔው ቁልፉን መቀየር ነው።

በራስ ኮምፒውተር ብቻ ማየት

የቢሮ ዋይፋይና አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። ዌብሳይቱን የሚከፍተው ሰው ግን ታክሲ ውስጥ ሆኖ የገዛው ፓኬጅ ሊያልቅ ጥቂት ሜጋባይት የቀረው ነው። 4 ሜጋባይት ፎቶ ስትለጥፉ ከእሱ ኪስ ነው የወሰዳችሁት። ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይራችሁ ብታሳንሱት 200 ኪሎባይት ሊበቃው ይችላል። ጉግል የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት ይላል፤ ይህን ርካሽ ስልክ ላይ፣ በሞባይል ዳታ ለኩት። ቢሮአችን ውስጥ ለዚህ ብቻ የተቀመጠች ስክሪኗ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አለች፤ እሷ ላይ ያልተከፈተ ሥራ አናስረክብም።

ዶሜይኑን በራስ ስም መያዝ

ለማቀላጠፍ ብዬ የብዙ ደንበኞችን ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) በራሴ ኢሜይል አስመዝግቤ ነበር። ታምሜ ሁለት ሳምንት ስተኛ የአንዱ ዕድሳት ቀን አለፈና ዌብሳይቱም የድርጅቱ ኢሜይልም አብረው ጠፉ። ባለቤቱ ሊያሳድሰው ቢፈልግም ስሙ የእሱ ስላልሆነ ማንም አላነጋገረውም።

አሁን ስንረካከብ ዶሜይኑ በደንበኛው ስምና ኢሜይል ነው። አንድ ወረቀት አትሜ እሰጣለሁ፦ ዶሜይኑ የት እንደተመዘገበ፣ ሰርቨሩ የት እንደሆነ፣ ሁለቱም የሚታደሱበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ እኔ ብጠፋ ለማን እንደሚደወል። የመርካቶው ጋሼ ያንን ወረቀት ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን በፍሬም አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።