የቸኮሌትና የዋልነት ፓይ የት የት ላይ ይበላሻል?

አብዛኛው ፓይ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ፣ ኦቨን ውስጥ እያለ ነው። ጋጋሪው መሃሉ ሲንቀጠቀጥ ያይና «ገና ጥሬ ነው» ብሎ 15 ደቂቃ ይጨምርበታል። ኧረ ተዉት! ይህ ኬክ አይደለም፤ ስንጥር ሰክቶ ደርቆ መውጣቱን ማየት እዚህ አይሠራም። ውስጡን የሚያረጋው እንቁላል ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተርና የያዘውን ውሃ ይተፋል። ያኔ ላዩ ይሰነጠቃል፣ ቸኮሌቱም አፍ ላይ መቅለጡ ቀርቶ አሸዋ አሸዋ ይላል። ለ23 ሴንቲ ሜትር ፓይ በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ይበቃል። ከ40ኛው ደቂቃ ጀምሮ ግን ከአጠገቡ አትራቁ። መጋገሪያውን ነካ ስታደርጉት ዳሩ ረግቶ፣ መሃሉ ላይ የብርጭቆ አፍ የምታህል ቦታ ብቻ እንደ ጄሊ ከተርገበገበች አውጡት። ቴርሞሜትር ያለው መሃሉ 93 ዲግሪ ሲደርስ ያውጣ። የቀረውን የራሱ ሙቀት ይጨርሰዋል። ቢያንስ 4 ሰዓት ሳይቀዘቅዝ ከተቆረጠ ግን ይፈሳል፤ ከዚያ «አልበሰለም» ተብሎ ያለጥፋቱ ይታማል።

ሌላው ጥድፊያ ቸኮሌቱ ላይ ነው። 115 ግራም ጥቁር ቸኮሌትና 60 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጣችሁ እንደጋለ 3 እንቁላል ላይ ካፈሰሳችሁ የምታገኙት እንቁላል ፍርፍር ነው። ጣት የማያቃጥል እስኪሆን፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ማቅለጫው ሳህን ደረቅ ይሁን፤ ጥቂት የውሃ ጠብታ ቸኮሌቱን ያጓጉለዋል። የወተት ቸኮሌት አይሆንም፤ 200 ግራም ስኳርና 240 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ላይ ሲጨመር ጣፋጭነቱ ያንገሸግሻል። እንቁላሉንም አረፋ እስኪያወጣ አትምቱት፤ አረፋው ላይ ወጥቶ ይደርቃል።

ከታች ያለው ሊጥ የሚላቆጠው ቀድሞ ስላልተጋገረ ነው። የመጋገሪያ ወረቀትና ደረቅ ባቄላ ጭናችሁበት በ190 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ባቄላውን አንስታችሁ 8 ደቂቃ ጋግሩት። በሹካ አትውጉት! ሽሮፑ በቀዳዳው ሰርጎ ከመጋገሪያው ጋር ያጣብቀዋል። ሊጡን ለጥጣችሁ ዳር ለማድረስ አትታገሉ፤ ኦቨን ውስጥ ተሰብስቦ ይመለሳል። ዳምጣችሁ ካነጠፋችሁት በኋላ ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ ይረፍ።

ዋልነቱ፣ 150 ግራም፣ ጥሬውን አይገባም፤ በ175 ዲግሪ 8 ደቂቃ ይቆላ። ከመቁላታችሁ በፊት አንዷን ቅመሱ፤ ከከረመች ያ የአሮጌ ዘይት ጣዕሟ ቸኮሌትም አይሸፍነውም።