«ቢሎንግ» በተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር የጀልባ መነሻ ላይ እንግዳ የሚቀበሉ አስጎብኚዎች እንግሊዝኛን ያለ ፍርሃት ይናገራሉ፤ ሆኖም አንድ ነገር የማን እንደሆነ የሚገልጸው «ቢሎንግ» ሲመጣ አንደበተ ርቱዑም ይሰናከላል። አማርኛችን ይህንኑ ሐሳብ በ«የ» እና በ«ነው» ስለሚጨርሰው፣ ስህተቱ ከስንፍና ይልቅ ከልማድ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሥር የሰደደው ስህተት «ነው»ን ይዞ መሻገር ነው። «ጀልባው የአጎቴ ነው» ብሎ ያሰበ ሰው «ዘ ቦት ኢዝ ቢሎንግ ቱ ማይ አንክል» ይላል። «ቢሎንግ» ግን ራሱን የቻለ ግስ ስለሆነ «ኢዝ» አያስፈልገውም፤ ትክክሉ «ዘ ቦት ቢሎንግስ ቱ ማይ አንክል» ነው። ጥያቄውም በ«ኢዝ» ሳይሆን በ«ደዝ» ይጀመራል። ግሱ የሚናገረው ስለ ሁኔታ እንጂ በመከናወን ላይ ስላለ ድርጊት ባለመሆኑ «ኢዝ ቢሎንጊንግ» ማለትም አያስኬድም።

ሁለተኛው «ቱ ማይን» ማለት ነው። የ«የእኔ»ን «የ» ሥራ «ቱ» አስቀድሞ ስለሠራው የሚከተለው «ሚ» ብቻ ነው። «ቱ»ን ጨርሶ መዝለልም ያው ስህተት ነው።

ይበልጥ ረቂቅ የሆነው ግን «አለኝ»ን እና «የእኔ ነው»ን ማምታታት ነው። «ታንኳ አለኝ» የሚል ሰው አድማጩ ገና ስለማያውቀው ታንኳ ስለሚናገር እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ» ነው፤ «ታንኳው የእኔ ነው» ሲል ግን ታንኳው በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ «ቢሎንግ» ቦታውን ያገኛል። በመሆኑም አማርኛው ላይ «ው» ወይም «ይህ» መኖሩን ማየት፣ ከብዙ የሰዋስው ሕግ ይልቅ ፈጥኖ መንገድ ያሳያል።

ዜጌ ወደሚገኙት ገዳማት ሲኬድ ደግሞ የጊዜ ስህተት ያጋጥማል። አንድ ንጉሥ ለገዳም የሰጠውን ዘውድ እያሳዩ «ቢሎንግስ ቱ» ብለው የንጉሡን ስም መጥራት፣ ዘውዱ ዛሬም የንጉሡ ንብረት ነው ማለት ይሆናል። ለንጉሡ «ቢሎንግድ»፣ ዛሬ ለሚጠብቀው ገዳም ግን «ቢሎንግስ» ይባላል፤ ይህች ትንሽ ልዩነት የቅርሱን ባለቤት ስለምትለውጥ በቸልታ የምትታለፍ አይደለችም።

ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ላይ ብቅ ሲል መነሻ ትርጉሙ ከአንድ ነገር ጋር አብሮ መሄድ፣ መስማማት ነበር። ይህ ትርጉም ዛሬም ስላልጠፋ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ከመንገድ ላይ አንስቶ «ቦታው ጀልባው ውስጥ ነው» ቢል እንግሊዝኛው «ዘ ኔት ቢሎንግስ ኢን ዘ ቦት» ይሆናል። እዚህ «ቱ» ቢገባ መረቡ የጀልባው ንብረት ሆኖ ያርፋል።

በመጨረሻም፣ እንግዳው ከጀልባ ሲወርድ ዕቃውን እንዳይረሳ የሚያሳስብ ሰው «ዩር ቢሎንጊንግስ» ማለት አለበት። ዕቃው አንድ ቦርሳ ብቻ ቢሆንም ቃሉ በብዙ ቁጥር ይነገራል፤ «ስ»ዋ ከወደቀች የወገንነት ስሜትን የሚገልጽ ሌላ ስም ይሆናልና።